ሦስት እጅ

«ወጥ ቀጠነ» እያለ የሚነጫነጭ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ። ወጥ ቀጠነ፣ ሻይ ገረጣ፣ ባጃጅ ዘገየ፣ ጎረቤት ሬዲዮ አስጮኸ፤ ማጉረምረሚያ አጥቼ አላውቅም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ወጣት ሐኪም በስልክ «ጋሼ፣ ገና አልቀጠነም፤ ያቅጥኑት» ሲለኝ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀጠነ ብዬ ስከስ ኖሬ፣ አልቀጠነም ተብዬ ስወቀስ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሚያወራው ስለ ቀለም ነው። ሐኪሙ ጋምቤላ ከእኛ ጋር ሲሠራ በትርፍ ጊዜው ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነበረው። ጨዋታው ራሱ እስካሁን አልገባኝም። ወታደሮቹን ግን አውቃቸዋለሁ፦ ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ፣ ጋሻ የያዙ፣ ካባ የለበሱ፣ አንዳንዶቹ የራስ ቁር የደፉ፣ አንዳንዶቹ መላጣ የሆኑ የፕላስቲክ ሰዎች። ሳይቀቡ ይገዛሉ፤ የሚቀባቸው ባለቤታቸው ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር አሥራ ሁለቱን በካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ቀለም እንዲይዙለት አስቀድሞ ግራጫ ነፍቶባቸዋል። ትንንሽ የአክሪሊክ ቀለም ብልቃጦችና ሁለት ቀጫጭን ብሩሾችም ጨመረልኝ። «ቀብተው ይጠብቁኝ፤ ስመለስ እንጫወታለን» አለ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ወዲያ ፊቱ የማይፈታ ሰው የለም። ለምን እኔን እንደመረጠኝ ግራ ገባኝ፤ ዛሬም አልወጣልኝም።

ካርቶኑን ግን አልመለስኩለትም። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ልናገር። ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

እኔ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። ከደጋ መጥቼ ጋምቤላ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ እዚህ ወባው ሥራ አያስፈታም። በቀን የብዙ ሰው ጣት እወጋለሁ፣ ከትልቁም ከሕፃኑም ክንድ ደም እቀዳለሁ። መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው አንድ ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ይዤ ነው፤ ቁርስ ሳልበላ ስለወጣሁ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሙቀቱ ነው አልኩ። ቀጥሎ ምንም ማለት አቃተኝና ብርጭቆውን በግራ እጄ መያዝ ጀመርኩ። የሚንቀጠቀጠው ቀኜ፣ ግራ የገባው እኔ። ለኃላፊዬ ብናገር መርፌውን ይቀበለኛል፤ መርፌ የማይዝ የላቦራቶሪ ሰው ደግሞ ምን ይባላል? ባልናገርስ? ሁለቱንም ፈራሁ። እናም ከራሴ ጋር ተወራረድኩ፦ ከእነዚህ ወታደሮች የአንዱን ሁለት ዓይን በትክክል ከቀባሁ እጄ ደህና ነው፣ ዝም እላለሁ። ካልቻልኩ መርፌውን አስቀምጣለሁ። የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ዓይን ላይ የመታች እጅ የሕፃን ደም ሥር አትስትም ብዬ አሰብኩ።

የተከራየሁት ቤት ገበያው አጠገብ ነው፤ ፊቱ ወደ መንገድ የዞረ፣ በረንዳ ያለው። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ መብራት መጣ ሄደ ከሚለው ክፍሌ የውጭው ብርሃን ይሻላል። የመጀመሪያውን ወታደር ካባ ቀይ ቀባሁት። ቀለሙን ከብልቃጡ እንዳለ ነው ያነሳሁት። የካባው እጥፋት ሁሉ ተደፈነ፤ የቀሚሱ አንገትጌ፣ ቀበቶው፣ ጣቶቹ ጠፉ። ወታደሩ ገንፎ ውስጥ ወድቆ የወጣ መሰለ። የሚያናድደው እኔ ማቅጠን ሥራዬ መሆኑ ነው። የደም ጠብታ መስተዋት ላይ አድርጌ በሌላ መስተዋት ጠርዝ አንዴ ገፋ አድርጌ፣ አንዱ ሴል በሌላው ላይ እንዳይደረብ አሳስቼ የምዘረጋ ሰው ነኝ። የምናቀልምበትንም መድኃኒት በየቀኑ በውሃ የምበጠብጠው እኔ ነኝ። ብሩሽ ስይዝ ይህ ሁሉ እውቀት የት እንደሄደ እንጃ።

ለሐኪሙ ደወልኩለት። «ወተት እስኪመስል ያቅጥኑት» አለኝ። «አንድ ወፍራም ከመቀባት ሁለት ሦስት ቀጭን መደራረብ ይሻላል።» ከዚያም «ጋሼ፣ እጅዎ እንዴት ነው?» አለ።

ስለ አቀባቤ ነው የጠየቀኝ ወይስ ስለ እጄ? አብረን ስንሠራ አይቶኝ ይሆን? ካርቶኑንስ የሰጠኝ ለዚህ ይሆን? «እየለመደ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ለሁለቱም ጥያቄ የሚሆን መልስ ነበር።

ወተት ማለት ቀላል መስሎኝ ነበር። ውሃ ጨመርኩ፤ በዛ። ቀለሙ ከወታደሩ ትከሻ ተንሸራቶ እግሩ ሥር ተጠራቀመ፤ ትከሻው ግራጫውን እንደለበሰ ቀረ። ቀለም ጨመርኩ፤ ተመልሶ ገንፎ ሆነ። የሳህኑ ጠርዝ ሁሉ ቀይ ሆኖ እኔ አሁንም ወተት አላገኘሁም።

በረንዳው ላይ ከእኔ ሌላ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ኑዌር ናት፤ ጠዋት ጠዋት ከኒውላንድ ሰፈር በባጃጅ ትመጣለች፣ የእግር ስፌት መኪናዋን በረንዳው ጫፍ ላይ ዘርግታ የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሰላምታና «ዛሬ ይዘንባል» ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበረንም። የዚያን ቀን ግን የእኔን ማጉረምረም ሰምታ መኪናዋን አቆመች።

«ምን ጠፋብህ፣ ዶክተር?» አለችኝ። ዶክተር እንዳልሆንኩ መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ፤ እዚህ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ቀለሙ ወተት መምሰል አለበት አሉኝ።»

«የቱን ወተት?»

«ወተት ነዋ! ወተት ደግሞ ስንት ዓይነት አለው?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ትናንት የወለደች ላም ወተት አለ፤ እሱ ወፍራም ነው፣ ቢጫ ነው። የጠዋት ወተት አለ፣ የማታ ወተት አለ። ልትነጥፍ የደረሰች ላም ወተት አለ። ሣሩ ደርቆ፣ ከብቶቹ ወንዝ ዳር ወርደው የሚታለብ የበጋ ወተት አለ። ሣር ጠግበው የሚታለብ የክረምት ወተት አለ። «ሱቅ ያለውም አለ፤ እሱ ዱቄት ነው» አለችና ፊቷን አኮሳተረች። «ያ ዶክተር ምን ጠጥቶ አደገ?»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ምን ጠጥቶ እንዳደገ እኔ ምን አውቃለሁ። ሳህኑን ከእጄ ወሰደችው። በብሩሹ ጫፍ ውሃ ነካ አደረገች፣ በጠበጠች፣ ሳህኑን ወደ ጎን አዘነበለችው። ቀለሙ ወደ ታች ወርዶ ከኋላው ስስ ቀይ ጥላ ተወ፤ ጥላው ውስጥ የሳህኑ ነጭ ይታያል። «ቅል ውስጥ ወተት ስታዞር እንዲህ ነው የሚሆነው» አለችኝ። «ይሄ የክረምት ወተት ነው።» ቀባሁት። ቀለሙ እጥፋቱን ሳይደፍን ካባው ላይ ረጋ ብሎ ተቀመጠ፤ ግራጫው ግን ከሥሩ ይታያል። በደስታ ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

«አለቀ?» አለችኝ።

«ኧረ የት አልቆ! ይሄማ አንድ እጅ ነው። አንድ እጅ አይበቃውም፤ ሦስት እጅ ይፈልጋል።»

አየችኝ። ዓይኗን ከፊቴ አውርዳ ብሩሽ የያዘውን እጄን አየች። «ሦስት እጅ» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ። የመጀመሪያው እጅ ጨለማውን ይይዛል። ሁለተኛው ከላይ ይመጣና ያፈካዋል። ሦስተኛው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክቶ ይተወዋል። አንዱ እጅ ብቻውን ልጨርሰው ካለ ይበላሻል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ «እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርክም?» አለችኝ።

ግራ ገባኝ። ስለ ቀለም እጅ ለልብስ ሰፊ የምናገርበት ምን አጋጣሚ ነበር? «ማን ጠየቀኝ?» አልኳት።

«እሺ» አለች። «እሁድ።»

እሁድ ምን? አልጠየቅኋትም። ሰው ሲያስገርመኝ አለመጠየቅና በልቤ መነጫነጭ ልማዴ ነው።

እሁድ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣች። አንዷ ታላቅ እህቷ ናት፤ ከድንበር ማዶ ከደቡብ ሱዳን የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ፣ ረጅም ሴት። ሌላው የባሏ አጎት፤ ግንባራቸው ላይ የኑዌር ወንድ ሲጎለምስ የሚቆረጡ ስድስት መስመሮች ያሉባቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን እየመጡ ስለሆነ ኮታቸውን ያላወለቁ ሽማግሌ። ሦስት ሆነው ሲመጡ ደነገጥኩ። በእኛ ወግ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በእሁድ ቀን ደጅ ከመጣ ወይ መርዶ ነው ወይ ሽምግልና። ማን ሞተብኝ? ቀጥሎ፣ ማንን አስቀየምኩ? ብዬ አሰብኩ፤ ያስቀየምኳቸውን ስቆጥር ዝርዝሩ ረዘመብኝ።

በርጩማ አወጣሁ። ተቀመጡ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በቋንቋቸው ጸለዩ፤ እኔም ምን እየተጸለየ እንደሆነ ሳላውቅ ቆሜ አማተብኩ። «አሜን» ሲሉ ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋች። «ወታደሩን አምጣ» አለች።

ሰጠኋት። ጥቁር ቡናማውን እንደ ክረምት ወተቷ በጠበጠችና የአንዱን ፊትና ክንድ ቀባች። ለእህቷ አሳለፈችው። እህቷ አገላብጣ አይታ፣ እፍ እፍ ብላ፣ ጠብቃ፣ ትንሽ ፈካ ያለውን ቡናማ ከላይ ደረበች። ለሽማግሌው አሳለፈችው። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ የአፍንጫውንና የጉንጩን ጫፍ ብቻ ነካ ነካ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። እኔ የውሃ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ።

ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባኝም። ሊጫወቱብኝ ነው? የቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ነው? ዕቃው የእኔ፣ ጠረጴዛው የእኔ፣ ካርቶኑን የተሰጠሁት እኔ! አኩርፌ ልገባ አስቤ ነበር፤ ግን ወታደሩ አስቆመኝ። አማረ። እኔ ስቀባ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ስለምደርብ ብሩሹ የታችኛውን ይዞት ይነሳ ነበር፤ በክረምቱ እርጥበት ደግሞ ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። እነሱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፉት፣ እህትየዋ እፍ ስትል፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን ሲፈልጉ፣ ቀለሙ ይደርቃል። እኔ ያጣሁት ትዕግሥት በመካከላቸው እየተመላለሰ ነበር።

በየእሁዱ መጡ። እህትየዋ ብልቃጦቹን ስታይ አንዱን አንስታ ብዙ ሳቀች። ለሰው ቆዳ ተብሎ የተሠራ ቀለም ነው፤ ሮዝ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ተረጎመችልኝ፦ «ይሄ ሰውዬ ቆዳው የት ሄደ? ትላለች።» እህትየዋ ብልቃጡን ወደ ዳር ገፋችው፤ ከዚያ ወዲያ የነካው የለም። በምትኩ ቡናማው ላይ ጠብታ ሰማያዊ ጨመረች። አበላሸችው ብዬ ልጮህ ስል ጥላው ያረፈበት ጉንጭ ነፍስ ዘራ። ሽማግሌው ደግሞ መላጣውን ወታደር አንስተው ግንባሩን ለረጅም ጊዜ አዩ። መስመር ይቀቡለት እንደሆነ በልብስ ሰፊዋ በኩል ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ገና ነው» ብለው አስቀመጡት።

እኔ የምሠራው ውሃ መለወጥ ነበር። አንድ ነገር ግን አስጠንቅቄያቸዋለሁ፦ «ዓይናቸውን እኔ ነኝ የምቀባው፤ ማንም እንዳይነካው!» ልብስ ሰፊዋና እህቷ ተያዩ።

ዓይኑን በሥራ ቀናት፣ ከሥራ ስመለስ፣ ብቻዬን ሞከርኩ። መጀመሪያ ጥቁር፣ በላዩ ነጭ፣ በነጩ መሃል ደግሞ ጥቁር ነጥብ። ብሩሹ ከፊቱ ይደርስና እጄ ይርገፈገፋል፤ ነጩ ቅንድብ ላይ ይወጣል፣ ነጥቡ አፍንጫ ላይ ያርፋል። በእርጥብ ብሩሽ እጠርገውና እንደገና እሞክራለሁ። አንድ ወታደር በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ ዓይኑ እንደጠፋና እንደበራ አልቆጠርኩም። በቀን ደግሞ መሥሪያ ቤት ሄጄ መርፌውን እይዛለሁ። የወባ ወቅት ነው፤ ሰው ኮሪደሩን ሞልቶታል። «አንዴ ጥብቅ አድርጊልኝ» እላለሁ እናትየዋን። ልጁ ስለተወራጨ ነው እላለሁ። አንዳንዱ በእርግጥም ይወራጫል።

በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው እሁድ፣ ሦስቱም በተቀመጡበት፣ ተሳካልኝ። ሁለቱን የእጅ አንጓዎቼን አገናኝቼ ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ፣ ትንፋሼን አወጣሁ፣ ያዝኩት፣ ነካሁ። ግራ ዓይን። ደግሜ ነካሁ። ቀኝ ዓይን። ወታደሩ አየኝ። እውነቴን ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንሸዋረር አየኝ። ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ።

«አያችሁ?» አልኩ። «አያችሁ! አንድ እጅ ይበቃል! የእኔ እጅ ብቻውን ይበቃል!»

ሽማግሌውና እህትየዋ በመነሳቴ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። «ታዲያ ሦስት እጅ ለምን አልክ?» አለችኝ።

«የቱን ሦስት እጅ?»

«ያን ቀን። አንድ እጅ አይበቃም፣ ሦስት እጅ ይፈልጋል አልክ። ይኸው፤ እኔ አንድ፣ እህቴ ሁለት፣ የባሌ አጎት ሦስት።»

ሳቅ አፈነኝ። ግድግዳ ሲቀባ አንደኛ እጅ፣ ሁለተኛ እጅ እንደሚባል፣ እጅ ማለት አንድ ጊዜ ቀብቶ መጨረስ ማለት እንደሆነ፣ የሰው እጅ እንዳልሆነ እየሳቅሁ አስረዳኋት። ለሁለቱ ተረጎመችላቸው። ሽማግሌው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ፤ እህትየዋ እጇን እያየች፣ እያገላበጠች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አማርኛ ተወልጄ የምናገረው እኔ ራሴ፣ ለምን እጅ እንደተባለ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ቆይ» አልኳት። «አንድ ትልቅ ሰው ለአሻንጉሊት መቀቢያ ሦስት ሰው አምጡልኝ ሲል አልገረመሽም? ያኔ እንዴት ዝም ብለሽ እሺ አልሽ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጨርቋን ከጭኗ ላይ አንስታ አጠፈች።

«ልጄን ወግተሃታል» አለችኝ። «ትንሿን። ከዝናቡ በፊት። ታስታውሳለህ?»

አላስታወስኩም፤ እዚያ የማየው ክንድ ነው እንጂ ፊት አይደለም። ፊቷን እያየሁ ልጇን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣልኝም።

«ሦስት ጊዜ ወጋሃት» አለች። «አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚህ፣ አንዴ በዚህኛው። እጅህ እንዲህ ነበር።» ቀጭን ክር በመርፌ ቀዳዳ አንዴ ወርውራ የምታስገባ እጇን አነሳችና አንቀጠቀጠችው። የራሴን እጅ በሰው እጅ ላይ አየሁት። «አልተቆጣሁም። ፊትህን አየሁ፤ ላብ ነበር። ይሄም ሰው ፈርቷል አልኩ። እዚህ በረንዳ ላይ በየቀኑ አይሃለሁ፣ ሻይ በግራህ ትጠጣለህ፤ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ እጅ አይበቃም፣ ሦስት ይፈልጋል ስትል፣ በቃ፣ ተናገረ አልኩ።»

ሽማግሌው ምን እንደተባለ ሳይጠይቁ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አፈርኩ፤ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ተናደድኩም፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ሰላም ስትለኝ፣ ወተት ስትበጠብጥልኝ፣ የልጇን ሦስት ጊዜ መወጋት በልቧ ይዛ ነው። እኔ ደግሞ ውርርዱን አሸንፌያለሁ። ሁለት ዓይን ቀብቻለሁ። ታዲያ የትኛው ነው እውነቱ፣ ወታደሩ ወይስ ልጅቷ?

ሲሄዱ ወታደሩን አንስቼ አየሁት። እሱም ያየኛል። ያ ወታደር ክንዱን አልሰበሰበብኝም፤ አላለቀሰም፤ እናቱ ጎኑ ቆማ ከንፈሯን አልነከሰችም። በሳትኩ ቁጥር ጠርጌዋለሁ፣ ደግሜ ቀብቼዋለሁ፤ በስንተኛው እንደተሳካልኝ ራሴም አላውቅም። ከሕፃን ክንድ ላይ ምን በእርጥብ ብሩሽ ይጠረጋል? ውርርዱን ሳስብ መጀመሪያውኑ ከማን ጋር እንደተወራረድኩ እንኳ ግልጽ አልነበረም። ሰው ከራሱ ጋር ከተወራረደ ቢሸነፍም ቢያሸንፍም ገንዘቡ ከኪሱ አይወጣም። የእኔ ውርርድ ግን የሚከፈለው ከልጆች ክንድ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የኃላፊዬን በር አንኳኳሁ። «እጄ ይንቀጠቀጣል» አልኩት፤ ሌላ መግቢያ አልነበረኝም። ከወረቀቱ ቀና አለና «እስከ ዛሬ?» አለ። እስከ ዛሬ አልተሻለህም ማለቱ ነው? እስከ ዛሬ አልተናገርክም ማለቱ ነው? እሱም ያውቅ ነበር እንዴ? ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። ሐኪም እንዲያየኝ ወረቀት ጻፈልኝና እስከዚያው ከማይክሮስኮፑ እንዳልነሳ ነገረኝ።

ግን ያን ዕለት ረፋድ ላይ አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ልጇን አዝላ መጣች፤ ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና ወጣቷ ባልደረባዬ ብቻ ነን። በልማድ ተነስቼ ጓንት አጠለቅሁ። መርፌውን አነሳሁና ለባልደረባዬ ሰጠኋት።

«አንቺ ውጊው። እኔ ክንዱን እይዝልሻለሁ» አልኳት።

«ምነው ጋሼ፣ አሞዎታል?»

«አይ። ዛሬ ሁለተኛ እጅ ነኝ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። ልገልጽላት ጊዜ አልነበረም። የልጁን ክንድ በሁለት እጄ ያዝኩ። ክንዱ ትንሽ ነው፣ ይሞቃል፤ ይንቀጠቀጣል። እሱ ይሁን እኔ፣ ከሁለታችን የትኛችን እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አልቻልኩም። መርፌው ግን በአንዴ ገባ።